የአርባ ደቂቃ ስህተት

ልጆች ያለፈን ጊዜ ሲያሰሉ የሚሳሳቱት በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ቁጥር አለው።

አዲስ አበባ፣ ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። እናት በሩን ከፍታ ስትገባ የሦስተኛ ክፍል ልጇ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እየጠበቃት ነው።

«እማ፣ ዛሬም ቆየሽ! ከሥራ ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

ልጁ እርሳሱን ያነሣል። 11:30 ብሎ ይጽፍና ከሥሩ 1:15 ያስቀምጣል፤ ከዚያ ይቀንሳል። «አሥር ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ ፈጅቶብሻል!»

የሜክሲኮው የታክሲ ሰልፍ፣ የሳር ቤቱ መንገድና የጀርመን አደባባዩ መጨናነቅ ሲደማመር አሥር ሰዓት ሊመስል ይችላል። የፈጀው ግን አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው።

እንዲህ ያለ ምሽት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ብርቅ አይደለም። በለቡም፣ በሀና ማርያምም፣ በጎፋም ወላጅ ከሥራ ደክሞ ሲገባ የቤት ሥራ በር ላይ ይቀበለዋል። ብዙዎቻችን የልጁን መልስ ስናይ «ተሳስተሃል፣ እንደገና ሥራው» ብለን እናልፋለን። መልሱን ትንሽ ጠጋ ብለን ብናየው ግን የሚነግረን ነገር አለ። ልጁ ያገኘው 10:15 ከትክክለኛው 1:45 ጋር ሲደመር ልክ 12 ሰዓት ይሞላል። ልጁ መቀነስ አላቃተውም፤ የቆጠረው የሰዓቱን ሌላኛውን ጎን ነው፤ ከ1:15 ተነሥቶ እስከ 11:30 ያለውን።

የልጆች የጊዜ ስሌት ስህተት ብዙውን ጊዜ እንዲህ በቁጥሩ ይታወቃል። አንዳንዱ 12 ሰዓት ላይ ያጋጥማል፣ አንዳንዱ በ40 ደቂቃ ይበልጣል፣ አንዳንዱ በ6 ሰዓት ይዛነፋል። ቀን ሲቆጠር ደግሞ በ1 ወይም በ5 ይስታል። ቁጥሩን ያወቀ ወላጅ ወይም መምህር ልጁ የቱ ጋ እንደሳተ ሳይጠይቅ ይደርስበታል።

መቶ የተበደረ ተማሪ

ከጠዋቱ 2:45 የተጀመረ ትምህርት 4:20 ላይ ቢያልቅ ስንት ጊዜ ፈጀ? ይህ ጥያቄ ለአንድ ክፍል ልጆች ቢቀርብ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መልስ መጠበቅ ይቻላል። አንዱ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይላል፤ ትክክል ነው። ሌላው 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይላል፤ ከ20 ላይ 45 አልቀነስ ስላለው ገልብጦ ከ45 ላይ 20 ቀንሷል። ሦስተኛው 1 ሰዓት ከ75 ደቂቃ ብሎ ይጽፋል።

ይህ ሦስተኛው ልጅ ጎበዝ ተማሪ ሊሆን ይችላል። መበደርን ያውቃል፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማረውንም አንድ በአንድ ሠርቷል። ጥፋቱ ከሰዓቱ ቤት አንድ ሲበደር 60 ደቂቃ መውሰድ ሲገባው 100 መውሰዱ ነው። በመቶና በስልሳ መካከል ያለው ልዩነት 40 ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ የተሳሳተ መልስ ሁሉ ከትክክለኛው በ40 ደቂቃ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ መቀነስ እንደገና ማስተማር ትርፉ ድካም ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓት በአሥር እንደማይሰበሰብ አላስተዋለም።

የእጅ ስልክ ካልኩሌተርም ከዚህ ስህተት አያድነውም። 4.20 ሲቀነስ 2.45 ተብሎ ቢገባ 1.75 ያወጣል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ 1.75 ሰዓት ሲያይ የሚያነበው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብሎ ነው፤ ለእሱ 0.75 ማለት የአንድ ሰዓት ሦስት አራተኛ ነውና። ትክክለኛው 1:35 ከሁለቱም የለበትም።

በስልሳ መቁጠር ከጥንት ባቢሎናውያን የወረደ ልማድ ነው። ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ባሕረ ሐሳብ የቀጸለ ተማሪ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ ደግሞ 60 ካልኢት መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያም በታች በስልሳ በስልሳ እየተከፈለ ይወርዳል። ኬክሮስ በዛሬው ሰዓት ሲመነዘር 24 ደቂቃ ነው፤ አምስት ኬክሮስ ሁለት ሰዓት ይሞላል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ስልሳ የመምህራቸው ፈሊጥ ሳይሆን በብዙ ትውልድ እጅ ያለፈ መቁጠሪያ መሆኑ ይገባቸዋል።

ከአርባው ስህተት ለመውጣት ቀላሉ መንገድ መቀነስን ለጊዜው መተው ነው። የ65 ብር ዕቃ ገዝታችሁ መቶ ብር ብትሰጡት፣ የሰፈር ባለሱቅ ወረቀት አውጥቶ አይቀንስም። ከ65 ተነሥቶ «ሰባ፣ ሰማንያ፣ መቶ» እያለ ወደ ፊት ይቆጥርና መልሳችሁን እጃችሁ ላይ ያኖራል። ጊዜም በዚሁ መንገድ ይሰላል። ደብተር ላይ አንድ አግድም መስመር ይሰመራል፤ በግራ ጫፍ 2:45፣ በቀኝ ጫፍ 4:20 ይጻፋል። ከ2:45 እስከ 3:00 15 ደቂቃ፣ ከ3:00 እስከ 4:00 አንድ ሰዓት፣ ከ4:00 እስከ 4:20 20 ደቂቃ። ሲደመር 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። መበደር የለም፣ መገልበጥም የለም። ልጁ እያንዳንዱን ዝላይ በዓይኑ ያያል።

ስልቱ የገባቸውን ልጆች ሩጫ ላይ መፈተን ይቻላል። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 18 ቀን 2001 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ03 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጠ። ልዩነታቸው ስንት ነው? እንደ ተራ ቁጥር የቀነሰ ልጅ 11 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ያገኛል። በመስመሩ የሄደው ከ2:03:59 አንድ ሰከንድ ዘልሎ 2:04:00 ይደርሳል፤ ከዚያ 11 ደቂቃ፣ ከዚያ 16 ሰከንድ። መልሱ 11 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ዛሬም 40 ነው፤ አሁን በሰከንድ።

ድልድዩ የቆመበት ቦታ

ከውጭ የሚመጡ የሒሳብ መልመጃዎችና በኢንተርኔት የሚታዩ የልጆች ትምህርቶች ያለፈ ጊዜን ሲያስተምሩ በጣም የሚጠነቀቁለት አንድ ቦታ አለ፤ እኩለ ቀን። በእነሱ ሰዓት ከረፋዱ 11 ተጀምሮ ከቀትር በኋላ 2 ላይ የሚያልቅ ነገር 12ን ስለሚሻገር ልጆቻቸውን ያደናግራል። የእኛ ልጅ ይህንኑ ጊዜ በራሱ ሰዓት ሲያነበው ከ5 እስከ 8 ነው። ሦስት ሰዓት። የሚሻገረው ነገር የለም።

በአዲስ አበባ ያለ ልጅ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቶ ከቀኑ 9 ተኩል ቢወጣ የትምህርት ቀኑ በሙሉ በአንድ ወገን ያልፋል። ከ2:00 እስከ 9:30፣ 7 ሰዓት ተኩል። ክፍል ውስጥ የሚሰጡ ምሳሌዎች ሁሉ ከዚህ ቀን የተቀዱ ከሆኑ ልጁ 12ን ሳይሻገር ምዕራፉ ያልቃል። 12ን የሚያሻግረው ድልድይ የሚገጥመው ከትምህርት ቤት ውጭ ነው፤ ንጋት ላይና ምሽት ላይ። እናት ከሥራ ስትመለስ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ አውቶቡስ ከሌሊቱ 11 ሲነሣ፣ ሙስሊም ጎረቤት በረመዳን ጾሞ ሲያፈጥር።

ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚማር ልጅ የሚጠቅመው መልመጃ ከረፋድ ወደ ከሰዓት የሚሻገረው አይደለም። ከ11:30 ወደ 1:15 የሚሻገረው ነው። አካሄዱ ያው የመስመሩ ዝላይ ሆኖ አንድ ደንብ ብቻ ይጨመርበታል፦ መጀመሪያ 12 ላይ ድረስ፣ ከዚያ ቁጠር። ከ11:30 እስከ 12 ሠላሳ ደቂቃ፣ ከ12 እስከ 1:15 አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በድምሩ 1:45። ከሌሊቱ 11 የተነሣ አውቶቡስ ከቀኑ 9 ቢደርስ ከ11 እስከ 12 አንድ፣ ከ12 እስከ 9 ዘጠኝ፣ በድምሩ አሥር ሰዓት። ጾሙ ከንጋቱ 11:20 ተይዞ ከምሽቱ 12:40 ቢፈታ ደግሞ እስከ ንጋቱ 12 አርባ ደቂቃ፣ ከንጋት 12 እስከ ምሽት 12 አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ አርባ ደቂቃ፤ 13 ሰዓት ከ20። ይህ የመጨረሻው 12ን ሁለት ጊዜ ስለሚያገኝ በአንድ ክፍል ውስጥ ፈጣኑን ልጅ ሳይቀር ያሳስበዋል።

አበበ ቢቂላም እዚህ ላይ ተመልሶ ይጠቅመናል። የሮሙ ማራቶን የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነበር፤ የሮምን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስናነበው 11:30። ሯጮቹ መንገዱን ሳይጨርሱ መሸ፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር ችቦ የያዙ ወታደሮች ያበሩላቸው ነበር። አበበ 1:45 ከ16 ሰከንድ ላይ ገባ። 11:30 እና 1:45ን የተሰጠ ልጅ ያለ ድልድይ ቢቀንስ አበበን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ያስሮጠዋል። በድልድዩ ከሄደ 30 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት፣ 45 ደቂቃ፤ ከሰከንዱ ጋር 2:15:16።

በአንድ ቤት ሁለት ሰዓት

አያት «ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ልጁን አድርሱት» ይላሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ 8:00 ይላል። ልጁ ሁለቱንም ይሰማል፣ ሁለቱንም ያያል። በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብን በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ ደብተሩም የስልኩን ወገን ይይዛል።

ስድስት ሰዓት የሚዛነፈው መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ልጁ ፊልም ማየት ሲጀምር ስልኩን አይቶ 8:00 ይላል። ሲጨርስ እናቱን ይጠይቃል፤ «አምስት ተኩል» ትለዋለች። ከ8:00 እስከ 5:30 በድልድዩ አስልቶ 9 ሰዓት ተኩል ያገኛል። ስሌቱ አንድም እንከን የለበትም። መነሻው ከአንዱ ሰዓት፣ መድረሻው ከሌላው ስለተወሰደ ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩሉ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የእኛ ሰዓት ቆጠራውን ከንጋት ይጀምራል፤ ይህም ለአገሩ የሚስማማ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የቀን ርዝመት ከወቅት ወቅት የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከንጋቱ 12 እስከ ጠዋቱ 1 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የስልኩ ሰዓት ደግሞ ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይነሣል። በሰዓት ገጽ ላይ ሲታይ የደቂቃው ቆጣሪ በሁለቱም አንድ ቦታ ነው፤ አጭሩ ቆጣሪ ብቻ በአንዱ 2 ላይ ሲሆን በሌላው ከፊት ለፊቱ ካለው 8 ላይ ይሆናል።

ብዙ ወላጆች ይህን እንደ ችግር ያዩታል፤ «ልጁን አንዱን ብቻ እናስተምረው» ይላሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ሁለቱ ሰዓቶች የሚለያዩት መቁጠር የሚጀምሩበት ቦታ ላይ እንጂ በሚቆጥሩት ጊዜ ላይ አይደለም። ከ2:00 እስከ 5:30 ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከ8:00 እስከ 11:30ም ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። የንባቡ ቁጥር ይለያያል፣ ያለፈው ጊዜ አይለያይም። ክልክሉ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀላቀል።

ሌላም ትርፍ አለው። የሁለቱ ሰዓቶች ድልድይ የሚቆመው የተለያየ ቦታ ላይ ነው። የእኛው ንጋትና ምሽት ላይ ሲቆም የስልኩ እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል። የጀሞዋ እናት ጉዞ በእኛ ሰዓት ከ11:30 እስከ 1:15 ስለሆነ 12ን ይሻገራል። በስልኩ ከ5:30 እስከ 7:15 ነው፤ በቀጥታ ይቀነሳል። የትምህርት ቀኑ በስልኩ ከ8:00 እስከ 3:30 ሆኖ ሲያስቸግር በእኛ ከ2:00 እስከ 9:30 ሜዳ ነው። ሁለቱንም የሚያውቅ ልጅ በአንዱ ያሰላውን በሌላው ይፈትሻል፤ መልሶቹ ካልገጠሙ መምህር ሳይነግረው ስህተት መኖሩን ያውቃል። አንድ ሰዓት ብቻ የሚያውቅ የሌላ አገር ልጅ ይህ ዕድል የለውም።

ከቁጥሩ በፊት

ይህ ሁሉ የሚሠራው ልጁ «ቆይታ» ምን እንደሆነ ከገባው ነው። በ1928 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊዘርላንዷ ዳቮስ አልበርት አንስታይን የልጆችን አስተሳሰብ ያጠና የነበረውን ዣን ፒያዤን አንድ ነገር ጠየቀው፦ ልጆች ጊዜንና ፍጥነትን የሚረዱት እንዴት ነው? ፒያዤ ጥያቄውን ይዞ ብዙ ዓመት ሠራ፤ በ1946 ስለ ልጆችና ስለ ጊዜ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ትንንሽ ልጆች ርቀትንና ጊዜን እንደሚያምታቱ ነው። ሁለት መጫወቻዎች እኩል ተነሥተው እኩል ቢቆሙም፣ ልጆቹ ርቆ የሄደው ብዙ ጊዜ እንደወሰደ ይናገራሉ።

ይህን ለመፈተን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ከሜክሲኮ እስከ ጀሞ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቅዳሜ በፈጣኑ መንገድ ቢሾፍቱ የሄደና ሰኞ ማታ ከሜክሲኮ በታክሲ የተመለሰ የስድስት ዓመት ልጅ የቱ ብዙ ጊዜ እንደወሰደ ይጠየቅ። «ቢሾፍቱ፣ ሩቅ ስለሆነ» ካለ ገና የሰዓት ቁጥር የሚሰጠው ጊዜ አልደረሰም። መጀመሪያ መነሻና መድረሻውን ራሱ እንዲመዘግብ ማድረግ ይቀድማል። ቡና ከተጣደ እስኪወርድ፣ ከሰፈር እስከ ትምህርት ቤት በእግር፣ አንድ ምጣድ እንጀራ እስኪበስል። መጀመሪያ ይገምት፣ ቀጥሎ ይለካ። ረጅም መንገድ አጭር ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል በገዛ ምዝገባው ያገኘ ልጅ ሁለቱን መልሶ አያምታታም።

በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የቆየው ጥላን በእግር እየለኩ ሰዓትን የመለየት ልማድም ለትምህርት ቤት ግቢ ይመቻል። ልጆች ጠዋት የአንድን ምሰሶ ጥላ በጫማቸው ይለካሉ፣ በየሰዓቱ ተመልሰው ያያሉ። ጥላው እጅግ የሚያጥረው ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አለመሆኑ ይገርማቸዋል። የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን አዲስ አበባ ያለችው 39ኛው አካባቢ ነው። ፀሐይ በየዲግሪው 4 ደቂቃ ስለምትዘገይ የከተማዋ እውነተኛ ቀትር በአማካይ 6:25 ገደማ ላይ ይውላል። የትኛውም ሰዓት የሰው ስምምነት መሆኑን፣ በጥላው ሁለት ልኬቶች መካከል ያለፈው ጊዜ ግን ስምምነት እንደማይፈልግ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ቀን ሲቆጠር

ከሰዓት ወደ ቀን ሲሻገሩ የእኛ ልጆች ትልቅ እፎይታ ያገኛሉ፤ አሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው። የ2018 ዓቢይ ጾም የካቲት 9 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ውሏል። ከየካቲት 9 እስከ መጋቢት 9 30 ቀን፣ ከዚያ እስከ ሚያዝያ 4 25 ቀን፤ 55። ይህንኑ ከፌብሩዋሪ 16 እስከ ኤፕሪል 12 ለማስላት ፌብሩዋሪ 28፣ ማርች 31 መሆኑን በቃል መያዝ ያሻል። መልሱ ያው 55 ነው።

በ1 የሚስተው ስህተት የሚመጣው ጫፉ ይቆጠር አይቆጠር ከሚል ጥያቄ ነው። ሰኞ ዕለት «የዛሬ ስምንት» ስንል የሚቀጥለውን ሰኞ ማለታችን ነው፤ በመካከሉ ያለፈው ግን 7 ቀን ነው። መስከረም 10 የተወለደች ሕፃን ክርስትና በ80 ቀኗ ቢሆን፣ የተወለደችበት ቀን ከተቆጠረ ኅዳር 29፣ ካልተቆጠረ ኅዳር 30 ይውላል። ሁለቱም ቆጠራ ትክክል ሊሆን ስለሚችል ልጁ ሳይጀምር እንዲጠይቅ ማስለመድ ነው፦ የመጀመሪያው ቀን ይገባል ወይስ አይገባም?

በ5 የሚስተው ደግሞ ጳጉሜን የረሳ ነው። ዓመቱን 12 ጊዜ 30 ብሎ 360 ያደርገዋል። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ፣ እንደ 2015 ባለው ዘመን፣ 6 ትሆናለች። አበበ ሮም ላይ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ ማግሥቱ ዕንቁጣጣሽ ነበር። ቶኪዮ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ነው። እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 1956 አራት ዓመት፣ ከዚያ የመስከረም 30ና የጥቅምት 11 ቀን፤ 4 ዓመት ከ41 ቀን። በአውሮፓውያኑ ከሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እስከ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 የቆጠረም 4 ዓመት ከ41 ቀን ያገኛል። ሁለቱ ዘመኖች በሰባትና በስምንት ዓመት ቢለያዩም በመካከሉ ያለፈውን በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።

ወላጅ ይህን ሁሉ ማስተማር የሚችለው መልመጃ በመግዛት አይደለም፤ የቤቱ ሥራ ራሱ መልመጃ ነው። ከሁሉ ጠቃሚው ምናልባት የመድኃኒት ጠርሙሱ ነው። ሐኪሙ «በየ8 ሰዓቱ» ካለ በቀን ሦስት ጊዜ ነው ተብሎ በቁርስ፣ በምሳና በእራት የሚሰጥባቸው ቤቶች አሉ። ጠዋት 1፣ ቀን 6፣ ማታ 1። ልጁ መስመሩን ያሥምር፤ ከጠዋት 1 እስከ 6 አምስት ሰዓት፣ ከ6 እስከ ማታ 1 ሰባት ሰዓት፣ ከማታ 1 እስከ ጠዋት 1 አሥራ ሁለት ሰዓት። ስምንት የሆነ አንድም የለም። ከጠዋት 1 ተነሥቶ ስምንት ስምንት ሲዘል ግን ቀን 9 ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ ማታ 5፣ ቀጥሎ ጠዋት 1። ድልድዩን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ የጀመረበት ይመለሳል። ይህን በራሱ እጅ ያወጣ የአራተኛ ክፍል ልጅ የማንቂያ ደወሉን ማታ 5 ላይ እንዲሞላ ኃላፊነቱን ስጡት። ስልኩ ላይ ቁጥሩ 11:00 ሆኖ ሲያገኘው ለምን እንደሆነ እሱ ለእናንተ ያስረዳችሁ።